ሕመሙ ከቤቱ ነው፤ የእርሳስ መመረዝ እንዴት እንደ ታወቀና እንዴት እንደሚታከም

እርሳስ የሚለው ቃል በአማርኛ የሁለት ነገሮች መጠሪያ ነው። አንደኛው ተማሪ የሚጽፍበት እንጨት ሲሆን፣ ሁለተኛው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጠው፣ ከባዱና በእጅ የሚታጠፈው ብረት ነው። በተማሪው እርሳስ ውስጥ ያለው ግን ግራፋይት የሚባለው የካርቦን ዓይነት ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ እንጂ ብረቱ አይደለም። ስለዚህ ልጅ የሚጽፍበትን ጫፍ ቢያኝክ በዚያ አይመረዝም፤ እንጨቱ የተቀባው ቀለም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግእዝ ብረቱን ዐረር ይለዋል፤ አማርኛም ይህንኑ ስም ለጥይት አውሎታል። እዚህ የሚነገረው ጥይት ስለ ሆነው እርሳስ ሳይሆን፣ በግድግዳ፣ በበርና በበረንዳ ላይ ተቀብቶ ዝም ብሎ ስለሚቀመጠው እርሳስ ነው።

ብረቱ መርዝ መሆኑ የቅርብ ጊዜ ግኝት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ፣ በሸክላ ቧንቧ የሚመጣ ውሃ በእርሳስ ቧንቧ ከሚመጣው ይልቅ ለጤና የሚስማማ መሆኑን ጽፎ፣ ለማስረጃም የእርሳስ ሠራተኞች ፊት የገረጣ መሆኑን አመልክቷል። ከእርሱ በኋላ ግን በሽታው ለብዙ መቶ ዓመታት በይበልጥ የሠራተኛ በሽታ ተደርጎ ሲቆጠር ኖረ፤ የማዕድን ቆፋሪው፣ የብረት አቅላጩ፣ የሸክላ ሠሪውና የቀለም ቀቢው ዕጣ ነበር። ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ የ2 ወይም የ3 ዓመት ሕፃን በዚህ በሽታ መያዙ በሰፊው የተመረመረው በአውስትራሊያ፣ የኩዊንስላንድ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በብሪዝበን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር አልፍሬድ ጄፈሪስ ተርነር በብሪዝበን የሕፃናት ሆስፒታል ሥራ የጀመሩት በ1889 ነበር። ከሕክምናው ሌላ የእሳት እራቶችን እየሰበሰቡ በየዓይነታቸው የሚለዩ፣ በዚያም ዘርፍ ስመ ጥር የሆኑ ሰው ነበሩ። በክንፍ ላይ ያለችን ነጠብጣብ ለመለየት የሠለጠነ ዓይን በሕሙማን ክፍልም ሳይጠቅማቸው አልቀረም። ወደ ሆስፒታሉ ይመጡ ከነበሩት ሕፃናት መካከል ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው፣ የሚያስመልሳቸው፣ ድርቀት የያዛቸውና ፊታቸው የገረጣ ነበሩ። የአንዳንዶቹ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በታች እየዛለ ይንጠለጠላል፤ አንዳንዶቹም በድንገት ይንዘፈዘፋሉ። ምልክቶቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ከተለመዱት የሕፃናት ሕመሞች የማይለዩ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲደመሩ ግን በቀለም ቀቢዎች ላይ ከሚታየው የእርሳስ መመረዝ ጋር ይመሳሰላሉ። ዶክተር ተርነር ከዶክተር ጆን ሎክሃርት ጊብሰንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን አስተያየታቸውን በ1892 ለሐኪሞች ጉባኤ አቀረቡ።

ሕመሙ እርሳስ ነው ከተባለ በኋላ እርሳሱ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ለ12 ዓመታት ያህል ሳይፈታ ቆየ። ልጅ ወደ አፉ የሚያስገባው ነገር ሁሉ የሚጠረጠር ሆነ። ሐኪሞቹን ወደ መልሱ የመራቸው በመድኃኒት ቤት የተገኘ ነገር አልነበረም። ሕፃኑ በሆስፒታል ተኝቶ ሲሻለው፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሕመሙ እንደገና ይነሣበታል። ከዚያው ገበታ የሚበሉትና ከዚያው ውሃ የሚጠጡት ወላጆቹ ደግሞ ደህና ናቸው። እንግዲህ መርዙ ያለው በቤቱ ውስጥ፣ ነገር ግን ልጅ ደርሶበት አዋቂ በማይደርስበት ቦታ መሆን አለበት።

የኩዊንስላንድ ቤት በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ የሳንቃ ቤት ሲሆን፣ ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ አለው። አገሩ ሞቃት በመሆኑ ልጆች ቀኑን የሚውሉት በዚያ በረንዳ ነው። እንጨቱ ከፀሐይና ከዝናብ እንዲጠበቅ በነጭ እርሳስ ቀለም ይቀባል፤ የበረንዳው መደገፊያ አግዳሚም ገና መቆም የሚለማመድ ሕፃን በሚይዘው ከፍታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀለሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ቁልፍ ከዚያ ነውና። ነጭ እርሳስ የሚባለው ዱቄት የእርሳስ ካርቦኔት ነው። በጥንቱ የሆላንድ ዘዴ የእርሳስ ቅጠል ኮምጣጤ ካለበት የሸክላ ዕቃ ጋር በፋንድያ ውስጥ ይቀበራል፤ ከፋንድያው የሚወጣው ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኮምጣጤው እንፋሎት ጋር ሆኖ ብረቱን ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ቅርፊት ይለውጠዋል። ቅርፊቱ ተፈጭቶ በተልባ ዘይት ይለወሳል። እርሳሱ ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ የሳሙና ጠባይ ያለው ውሁድ ስለሚፈጥር፣ የደረቀው ቀለም እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮት የሚለጠጥ፣ ውሃም የማያሳልፍ ይሆናል። የሙያው ሰዎች ነጭ እርሳስን መውደዳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ችግሩ የሚመጣው ከጊዜ በኋላ ነው። ዱቄቱን አጣብቆ የያዘውን ዘይት የፀሐይ ጨረር እያደር ይበላዋል። በዚህ ጊዜ ላይኛው ሽፋን ኖራ እንደ ተለቀለቀ ግድግዳ እጅን የሚያነጣ ብናኝ ይሆናል። ቀለም ቀቢዎች ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠሩትም፤ እንዲያውም አሮጌው ሽፋን እየተሰነጠቀ ከመላጥ ይልቅ ስለሚበንን፣ ብዙ ሳይፋቅ በላዩ ሌላ ቀለም መቀባት ይቻላል ብለው ያመሰግኑት ነበር። ልጁን የመረዘው እንግዲህ በቀለሙ ላይ የደረሰ ብልሽት ሳይሆን፣ ለቀለሙ ዋጋ የሰጠው ያው ጠባዩ ነው።

መጠኑን በግምት ማስላት ይቻላል። የ2 ዓመት ሕፃን ደም 1 ሊትር ያህል ነው። ዛሬ አሳሳቢ በሚባለው በ5 ማይክሮግራም በዴሲ ሊትር ደረጃ በዚህ ደም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ በጠቅላላው 50 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ከክብደቱ ግማሹ እርሳስ የሆነ አሮጌ ቀለም፣ በ1 ሚሊ ግራም ቅንጣት ውስጥ 500 ማይክሮግራም ይይዛል። እርግጥ የተዋጠው ሁሉ ወደ ደም አይገባም፤ ከገባውም አብዛኛው ወደ አጥንት ይሄዳል። ሆኖም አዋቂ ከሚውጠው እርሳስ አንድ አሥረኛ ያህሉን ሲወስድ፣ የሕፃን አንጀት እስከ ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል። ቀለም መብላት ቀርቶ በጣት ላይ የቀረው ብናኝ በቂ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ዶክተር ጊብሰን የዓይን ሐኪም ነበሩ። ወደ እርሳቸው የሚመጡት ሕፃናት ዓይናቸው የተንሸዋረረ፣ የዓይን ነርቫቸው ያበጠ፣ አንዳንዶቹም ማየት የተሳናቸው ነበሩ። በ1904 ባወጡት ጽሑፍ የመርዙ ምንጭ የበረንዳው መደገፊያና የክፍሎቹ ግድግዳ ቀለም መሆኑን ገለጹ። ብናኙ በልጅ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ጣቱን የሚጠባና ጥፍሩን የሚበላ ልጅም ወደ አፉ ያስገባዋል። ማስረጃው ቀላል፣ መፍትሔውም ርካሽ ነበር፤ ልጅ በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ሌላ ቀለም ይቀባ የሚል ነው። ይሁንና ይህ ሐሳብ በኩዊንስላንድ ሕግ ውስጥ እስኪገባ 18 ዓመት ፈጀ፤ ሕጉ የወጣው በ1922 ነው። በዚያ መካከል የተመረዙትና ድነዋል ተብለው ከሆስፒታል የወጡት ልጆች ጉዳይም በዚያው አላበቃም። በኩዊንስላንድ ገና በወጣትነታቸው በኩላሊት በሽታ የሚሞቱ ሰዎች መብዛታቸው ሐኪሞችን አስገርሞ ኖሮ፣ ከጊዜ በኋላ የተደረገው ክትትል ከሟቾቹ ብዙዎቹ በልጅነታቸው በእርሳስ የተመረዙ እንደ ነበሩ አሳየ።

በአውሮፓ ጉዳዩ የተነሣው በሠራተኛው በኩል ነበር። በፓሪስ ዣን ለክሌር የተባለው የቀለም ሥራ ተቋራጭ፣ ሠራተኞቹ ሲታመሙ አይቶ በ1840ዎቹ ዓመታት ነጭ እርሳስን በዚንክ ነጭ ተካ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1921 በጄኔቫ ባጸደቀው 13ኛ ስምምነት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ነጭ እርሳስ ለሕንፃዎች የውስጥ ቅብ እንዳይውል ከለከለ። በነዚያው ዓመታት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ዱቄት በኖርዌይና በአሜሪካ በፋብሪካ መመረት ስለ ጀመረ፣ ምትክ የለም የሚለው ክርክር መሠረቱን አጥቷል። አሜሪካ ግን ስምምነቱን አልተቀበለችም። በዚያ አገር ቀለሙ ለብዙ አሥር ዓመታት ተሸጠ፤ የኋለኛው ትምህርትም የተገኘው በአመዛኙ ከዚያው ነው።

በ1914 የባልቲሞር ሐኪሞች የአልጋውን ነጭ ቀለም በጥርሱ እየቀረፈ የበላ የ5 ዓመት ልጅ አሟሟትን ጻፉ። ከተማይቱ በ1935 ነፃ የደም ምርመራ ጀመረች፤ በ1951 የእርሳስ ቀለም ለመኖሪያ ቤቶች ውስጥ እንዳይውል ከለከለች። ባልቲሞር ከቀለሙ ሌላም ምንጭ አይታለች። በ1930ዎቹ ዓመታት የኢኮኖሚ ድቀት ማገዶ መግዣ ያጡ ቤተሰቦች የተጣለ የመኪና ባትሪ ሣጥን በምድጃ እያነደዱ በጭሱ ተመረዙ። በመላ አገሪቱ የእርሳስ ቀለም ከመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው። እስከዚያ የተቀባው ግድግዳ ሁሉ ባለበት ቀረ።

የዳነ ልጅ ድኗል ወይ የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ያነሡት በቦስተን ዶክተር ራንዶልፍ ባየርስና የሥነ ልቡና ባለሙያዋ ኤሊዛቤት ሎርድ ናቸው። በ1943 ባወጡት ጽሑፍ፣ በሕፃንነታቸው ተመርዘው ታክመው ወደ ቤታቸው የተመለሱ 20 ልጆች በትምህርት ቤት እንዴት እንደ ሆኑ ተከታተሉ። በደህና ሁኔታ ይማር የነበረው 1 ብቻ ነበር። እስከዚያ ድረስ በሽታው ይገድላል ወይም ይተዋል ይባል ነበር፤ ሦስተኛ መንገድ እንዳለው ከዚህ በኋላ መካድ አስቸጋሪ ሆነ። በ1979 ዶክተር ኸርበርት ኒድልማን የልጆችን የወለቀ የወተት ጥርስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን እርሳስ ለኩ። ምንም የሕመም ምልክት ካልታየባቸው ልጆች መካከል ጥርሳቸው ብዙ እርሳስ የያዘው በአእምሮ ፈተናና በክፍል ውስጥ ትኩረት ከሌሎቹ ዝቅ ብለው ተገኙ።

በሽታውን የማወቁ ጥበብ የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። የድሮው ሐኪም የሆድ ቁርጠትን፣ የደም ማነስን፣ የእግር መዛልን፣ በድድ ጠርዝ ላይ የሚታየውን ሰማያዊ መስመር፣ በኋላም በራጅ በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ንጣት ይፈልግ ነበር። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምልክቶች ናቸው፤ ነገር ግን ዘግይተው ይመጣሉ፤ የድዱ መስመር ደግሞ በሕፃናት ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሚነጫነጭ፣ የምግብ ፍላጎት ያጣ ወይም ንግግር የዘገየበት ልጅ በእርሳስ ይሁን በሌላ ምክንያት የሚለየው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ከጣት በተወሰደ ደም የተገኘ ከፍተኛ ውጤት ከደም ሥር በሚወሰድ ደም መረጋገጥ አለበት፤ በጣቱ ላይ የቀረ አቧራ ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላልና። በአሜሪካ እርምጃ የሚያስፈልገው ደረጃ በ1960ዎቹ ዓመታት 60 ማይክሮግራም በዴሲ ሊትር ነበር፤ በ1985 ወደ 25፣ በ1991 ወደ 10፣ በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ደግሞ ወደ 3.5 ዝቅ ብሏል። ምንም ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እስካሁን አልተገኘም።

መድኃኒቱ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች አርሴኒክ ያለበትን የመርዝ ጋዝ የሚያከሽፍ ውሁድ ሠርተው ነበር። ዳይመርካፕሮል የሚባለው ይህ መድኃኒት እርሳስንም አንቆ በመያዝ ከሰውነት ያስወጣል። በ1950ዎቹ ዓመታት ካልሲየም ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ተጨመረ። ቀጥሎም በባልቲሞር ዶክተር ጁልያን ቺዞም ሁለቱን አጣምረው በመስጠት፣ መርዙ አንጎላቸውን ያሳበጠባቸው ሕፃናት ሞት በእጅጉ እንዲቀንስ አደረጉ። ስሙ ተመሳሳይ የሆነው፣ ነገር ግን ካልሲየም የሌለበት ዳይሶዲየም ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የደምን ካልሲየም ስለሚስብ ልብን ያቆማል፤ በ2005 በአሜሪካ በእርሳስ የተመረዘች አንዲት የ2 ዓመት ሕፃን በዚህ ስሕተት ሞታለች። በአፍ የሚወሰደው ሰክሲመር በአሜሪካ የተፈቀደው በ1991 ነው።

በዚህ ጊዜ ችግሩ የተፈታ ይመስል ነበር። ይህን ለማረጋገጥ በደማቸው ከ20 እስከ 44 ማይክሮግራም በዴሲ ሊትር የተገኘባቸው 780 ሕፃናት በሁለት ተከፍለው፣ ገሚሱ ሰክሲመር ሲሰጠው ገሚሱ መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ተሰጠው። በ2001 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ መድኃኒቱ የደሙን እርሳስ ዝቅ አድርጓል፤ በልጆቹ የአእምሮ ፈተና፣ ጠባይና ቅልጥፍና ላይ ግን ያመጣው ለውጥ አልነበረም። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ደማቸው 45 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ለሆነባቸው ሕፃናት መድኃኒቱ እንዲሰጥ ሲመክር፣ ከ5 ጀምሮ ግን ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ያዛል። ብረትና ካልሲየም የጎደለው ልጅ እርሳስን ይበልጥ ስለሚስብ አመጋገቡም ይታያል። ታክሞ ወደ ተመረዘበት ቤት የሚመለስ ልጅ ጉዳይ ብሪዝበን ከመቶ ዓመት በፊት ካየችው አልተለየም።

ቤቱን የማከሙ ሥራ የሐኪም ሳይሆን የግንበኛ፣ የቀለም ቀቢና የመሐንዲስ ነው፤ እርሱም የራሱ አደጋ አለው። በባልቲሞር ለብዙ ዓመታት የእርሳስ ቀለም ይወገድ የነበረው በእሳት ነበልባል እየተለበለበና በደረቁ እየተፋቀ ነበር። ዶክተር ማርክ ፋርፌልና ዶክተር ቺዞም በ1990 ባወጡት ጥናት፣ በዚህ መንገድ በታደሱት ቤቶች ወለልና መስኮት ላይ ያለው የእርሳስ አቧራ ከሥራው በፊት ከነበረው በብዙ እጥፍ ጨምሮ ተገኘ። ነዋሪውን ለማዳን የተደረገው ሥራ፣ በግድግዳው ላይ ታስሮ የነበረውን መርዝ ፈትቶ ለቆታል ማለት ነው። አሁን የሚመከረው ነዋሪዎቹን፣ በተለይም ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን፣ ማስወጣት፣ ወለሉን በፕላስቲክ መሸፈን፣ ቀለሙን እያረጠቡ መፋቅ ወይም ሳይፋቅ በሌላ ነገር መሸፈን፣ በር ወይም መስኮት ከሆነ ነቅሎ መለወጥ፣ በመጨረሻም አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ የቀረውን ለክቶ ማረጋገጥ ነው። ከጠቅላላው ሥራ ተቋራጮች ብዙውን ጊዜ የሚዘልሉት ይህን የመጨረሻውን ነው።

ስለ ውሃ ቧንቧ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በ2014 በአሜሪካዋ ፍሊንት ከተማ የታየው ጉዳት የደረሰው፣ የውሃው ምንጭ ሲለወጥ ዝገትን የሚገታው ፎስፌት ሳይጨመርበት በመቅረቱ ነው ማለት ለዚህ ይበቃል፤ ቧንቧው የቆየው ቧንቧ ነበር፤ የተለወጠው ውሃው ነው።

በኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ቀለም ግን ብቻውን አይደለም። ጋሌና ከሚባለው ማዕድን ተፈጭቶ የሚዘጋጀው ኩል ራሱ የእርሳስ ሰልፋይድ ሲሆን፣ በሕፃን ዓይን ላይ ሲቀባ እያሸ ወደ አፉ ይወስደዋል። ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት በየሠፈሩ ተቀልጦ የሚሠራ የአልሙኒየም ድስትም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ በሲያትል አካባቢ ከአፍጋኒስታን የመጡ ስደተኛ ቤተሰቦች የሚያበስሉባቸው ዕቃዎች ተመርምረው ይህ ታይቷል። በጓሮ አሮጌ ባትሪ መፍታትና በስታኞ የተበየደ ዕቃ ለምግብ መጠቀምም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ደንቡ የሚገዛው ቀለምን፣ ያውም አዲስ የሚመረተውንና ከውጭ የሚገባውን ነው። ከዚያ በፊት በላይ በላዩ የተቀባው የብረት በር፣ መስኮትና የደረጃ መደገፊያ በየቤቱ አለ፤ ለዘመን መለወጫና ለሠርግ ቤት ሲታደስም ልጆች በግቢው እየተጫወቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ይፋቃል።